መሐል ላይ ያለው ኤርፖርት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ሃያ ደቂቃ ተናገርልን» ሲለኝ ስለ ካፌው ወጥና ስለ ዶርሙ ቅዝቃዜ እንዳወራ መስሎኝ ነበር። «የለም፣ ለሰው የሚጠቅም ነገር ከሥራህ አምጣ» ተባልኩ። ሥራዬን ታውቁታላችሁ። ጂኦግራፊ ተምሬ ዕድሜዬን የጨረስኩት ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው። «ካርታ አጥንቶ ትኬት ሻጭ ሆነ» እያላችሁ የምትስቁብኝም አላችሁ፤ ሳቁ፣ ምንም አይደል። ክፍል ውስጥ የተማርነው ድንበር ግን በአገርና በአገር መካከል የተሰመረውን ነበር። ትኬት ቢሮ ገብቼ ያወቅኩት ደግሞ በአንድ ሕንጻ ውስጥ፣ በአንድ ኮሪደርና በሚቀጥለው ኮሪደር መካከል ያለውን ድንበር ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚህኛው ነው።

ለምን ይሄን መረጥክ ብትሉኝ፣ ዕድሜያችን ነው ያስመረጠኝ። ልጆቻችን ስኮላርሺፕ እያገኙ ይወጣሉ። እናቶቻችንና አባቶቻችን የልጅ ልጅ ለማየት ይሄዳሉ። ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከሪያድ የመጣችሁም እዚህ ተቀምጣችኋል። ሁላችንም ስለ መድረሻው አገር ቪዛ ስንጨነቅ እንከርማለን። ቪዛው ሲገኝ «እልል» እንላለን፣ ሻንጣ እናስራለን፣ ቦሌ እንሸኛለን። ከዚያ ካውንተር ላይ «በመሐል ለሚያልፉበት ኤርፖርት ቪዛ የለዎትም» ይባላል። የመድረሻው ቪዛ በእጅ እያለ ሰው ከቦሌ ይመለሳል። ይህ በየሳምንቱ የሚደርስ ነገር ነው፤ በአምስት ደቂቃ ጥያቄ ሊቀር የሚችል ነገርም ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከእኛው መሐል የሆነ ጓደኛ፣ ስሙን አልጠራም፣ እናቱን ወደ ቶሮንቶ ይልካል። እህቱ ልትወልድ ነው፣ እናት ለአራስ ጥየቃ መሄዳቸው ነው። የካናዳ ቪዛ ወጥቷል። ርካሽ ሲፈልግ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች በኢንተርኔት ገዛ፦ አንዱ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ሌላው በሌላ አየር መንገድ ከፍራንክፈርት ቶሮንቶ። ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ «ሻንጣው ፍራንክፈርት ላይ ነው የሚያበቃው፤ እማማ ወጥተው ተቀብለው እንደገና ማስረከብ አለባቸው፤ ለመውጣት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል» አለች። እናት ሽሯቸውን፣ በርበሬያቸውንና በሷቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። በአራተኛው ቀን በቀጥታ በረራ ሄዱ። ሕፃኑ ግን በሁለተኛው ቀን ተወልዶ ነበር። ገንዘቡ ሲደመር ከመጀመሪያው ቀጥታ ትኬት በላይ ወጣ፤ የሄደው ቀን ግን በምንም አይመለስም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በሉ እንግዲህ ከቃላቱ እንጀምር። ትራንዚት የምንለው ከአንድ አውሮፕላን ወርዶ ሌላው ላይ እስኪሳፈሩ ድረስ ማለፍ ነው። ስቶፕኦቨር የሚባለው ደግሞ መንገድ ላይ አውቆ መቆየት ነው፤ በአየር መንገዶች አሠራር በዓለም አቀፍ ጉዞ ከ24 ሰዓት በላይ ሲሆን እንዲህ ይባላል። ይህ ግን የትኬት ዋጋ አቆጣጠር ነው። ኢሚግሬሽን ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፦ «የፓስፖርት መቆጣጠሪያውን መስመር ትሻገራለህ ወይስ አትሻገርም?» ስለዚህ አንድ ኤርፖርት ስታልፉ ከሦስቱ አንዱ ይገጥማችኋል። አንደኛ፣ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ ያርፋል፣ እናንተ ከወንበራችሁ አትነሱም። ሁለተኛ፣ ትወርዳላችሁ፣ ግን ከመቆጣጠሪያው ወዲህ ባለው የትራንዚት ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ትጠብቃላችሁ። ሦስተኛ፣ መስመሩን ተሻግራችሁ ወደ ከተማ ትወጣላችሁ፣ ለአንድ ሰዓትም ይሁን ለሦስት ቀን። ለእያንዳንዱ ሕጉ ይለያያል። «ያለ ቪዛ ማለፍ ይቻላል» የሚል ነገር ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛውን ማለፍ?» ብላችሁ ነው።

ብዙ ሰው የትራንዚት ክፍል የማንም አገር መሬት አይደለም ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። በመጋቢት ወር 1992 እ.ኤ.አ. አራት ሶማሊያውያን ወንድማማቾችና እህትማማቾች ከደማስቆ ተነስተው ፓሪስ ኦርሊ ኤርፖርት ደረሱ። ለ20 ቀን እዚያው ተይዘው ቆይተው ወደ ሶሪያ ተመለሱ። ጉዳዩ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰና በ1996 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ተሰጠ፤ ዓለም አቀፍ ክልል የሚለው ስም ቦታውን ከፈረንሳይ ሕግ ውጭ አያደርገውም ተባለ። መህራን ካሪሚ ናሴሪ የተባለውን ኢራናዊም ታስታውሱት ይሆናል፤ በወረቀት ችግር ከ1988 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ኤርፖርት ውስጥ ኖሯል። እነዚህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። ኮሪደሩ ባለቤት እንዳለው እንድታውቁት ነው። ባለቤቱ ደግሞ ማን በኮሪደሩ እንደሚያልፍ የመወሰን መብት አለው።

ታዲያ ውሳኔው ለምን ፍራንክፈርት ላይ ሳይሆን ቦሌ ላይ ይነገረናል? ምክንያቱ ቅጣት ነው። በአውሮፓ ኅብረት የ2001 እ.ኤ.አ. መመሪያ መሠረት ወረቀቱ ያልተሟላ መንገደኛ ጭኖ የመጣ አየር መንገድ በገንዘብ ይቀጣል፤ መንገደኛውን መልሶ መውሰዱም የራሱ ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርታችሁን ተቀብላ ኮምፒውተሯ ላይ የምትመለከተው ቲማቲክ የሚባለውን የዓለም አቀፍ አየር ትራንስፖርት ማኅበር መረጃ ቋት ነው። ዜግነታችሁን፣ የምታልፉበትን፣ የምትደርሱበትን፣ የያዛችሁትን ቪዛ ታስገባለች፤ ያለፈ ወይም ያላለፈ ይላታል። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም። «እባክሽ እናት ናቸው» ብሎ መለመንም አያዋጣም፤ ማለፊያውን የምትሰጠው እሷ አይደለችምና። ጥሩው ነገር፣ ያንኑ መረጃ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከአየር መንገዱ ወይም ከጉዞ ወኪላችሁ መጠየቅ መቻላችሁ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ድረ ገጻቸው ላይም አድርገውታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አውሮፓን ሲያልፍ ምን ይጠብቀዋል?

የሸንገን አገሮች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት የቪዛ ደንብ ላይ አንድ ዝርዝር አለ። በሸንገን ኤርፖርት የትራንዚት ክፍል ውስጥ ለማለፍ ብቻ እንኳ ቪዛ የሚጠየቁ 12 አገሮች ናቸው፦ አፍጋኒስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ጋና፣ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ናይጄሪያ፣ ፓኪስታን፣ ሶማሊያና ስሪላንካ። አዎ፣ እኛም አለንበት። ይህ ቪዛ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ወይም «ኤ» ቪዛ ይባላል። ከተማ አያስወጣም፤ ኮሪደሩ ላይ ለመቀመጥ ብቻ ነው። የጎረቤቶቻችን የኬንያ ወይም የዩጋንዳ ፓስፖርት የያዘ ሰው በዚህ የጋራ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ «ናይሮቢ ያለው ጓደኛዬ ያለ ምንም አለፈ» የሚለው ወሬ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም።

ደንቡ ግን ነፃ የሚያወጣቸውም አሉ፤ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን የሚሠራ ቪዛ ያለው ሰው የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ አይጠየቅም። ያንን ቪዛ ተጠቅሞበት ከዚያው አገር ሲመለስም አይጠየቅም። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለውም እንዲሁ። የሸንገን ቪዛ ወይም ከሸንገን አገሮች በአንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም ነፃ ነው። ዲፕሎማቲክ ፓስፖርትም እንዲሁ። የሳውዲ ኢቃማ ወይም የዱባይ መኖሪያ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣችሁ ይህንን ያዙልኝ፤ «እኔ ሬዚደንስ አለኝ» ብላችሁ በአውሮፓ በኩል ትኬት እንዳትቆርጡ።

በምሳሌ እንየው። የካናዳ ቪዛ የያዙ እናት በአንድ ትኬት፣ ሻንጣቸው እስከ ቶሮንቶ ታግ ተደርጎ በፍራንክፈርት ቢያልፉ የትራንዚት ቪዛ አያስፈልጋቸውም። የሜክሲኮ ቪዛ ብቻ የያዘ ልጅ በዚያው ፍራንክፈርት ሊያልፍ ቢፈልግ ግን ያስፈልገዋል፤ ሜክሲኮ ነፃ ከሚያወጡት አገሮች ውስጥ የለችም። ሁለቱም ኢትዮጵያዊ ናቸው፣ ኤርፖርቱ አንድ ነው፣ አውሮፕላኑም አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው የመድረሻው ቪዛ ነው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ ሁለት የሸንገን ኤርፖርቶች። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ሊዝበን፣ ከሊዝበን ብራዚል የሚል ትኬት አለ እንበል። ከፍራንክፈርት ሊዝበን ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ በረራ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ፍራንክፈርት ላይ ወደ ሸንገን ገብታችኋል ማለት ነው። እዚህ ላይ «ኤ» ቪዛም አይበቃም፣ የአሜሪካ ቪዛም አያድንም፤ መደበኛው የሸንገን ቪዛ ግድ ነው። ትኬቱ ላይ ሁለት የአውሮፓ ከተማ ስም ካያችሁ ቆም በሉ።

ማመልከት ካለባችሁ ደግሞ ጊዜ ስጡት። ክፍያው ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን በሚመለከት ባሳለፈው ውሳኔ ደግሞ የሸንገን ቪዛ መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ትኬት የሚቆረጠው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆነ፣ ያ መንገድ ለእናንተ አይሆንም፤ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

እንግሊዝ የሸንገን አባል አይደለችም፤ የራሷ ዝርዝር አላት። እዚያም ኢትዮጵያውያን መስመሩን ሳንሻገር ለማለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ እንጠየቃለን። ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራሊያ ወይም ለኒውዚላንድ የሚሠራ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። መስመሩን መሻገር ለሚያስፈልገው ደግሞ እስከ 48 ሰዓት የሚያስቆይ ሌላ የትራንዚት ቪዛ አለ። ከሂትሮው ወርዶ ከጋትዊክ መነሳት ያለበት ሰው ከዚህኛው ክፍል ነው፤ ከኤርፖርት ወደ ኤርፖርት የሚወስደው መንገድ በእንግሊዝ መሬት ላይ ነውና። ፓሪስ ላይም ከሻርል ደ ጎል ወደ ኦርሊ የሚባል ትኬት እንዲሁ ነው። ዋጋው ሲረክስ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው።

አሜሪካ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ናት። በአሜሪካ ኤርፖርቶች ለዓለም አቀፍ መንገደኛ የተለየ የትራንዚት ኮሪደር የለም። ሁሉም ሰው ኢሚግሬሽን ያልፋል፣ ሻንጣውን ተቀብሎ እንደገና ያስረክባል። ድሮ ያለ ቪዛ ማለፍ የሚባል ፕሮግራም ነበራቸው፤ በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. አገዱት፣ አልተመለሰም። ስለዚህ ወደ ደቡብ አሜሪካ ወይም ወደ ካሪቢያን በማያሚ ወይም በሂውስተን የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ፣ ሁለት ሰዓት ለመቀመጥ ቢሆን እንኳ፣ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል። ካናዳም ለእኛ የትራንዚት ቪዛ ትጠይቃለች፤ ግን እስከ 48 ሰዓት ለሚያልፍ ሰው ቪዛው በነፃ ነው። በነፃ ነው ማለት ግን ሳያመለክቱ ይሰጣል ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ የሌላ አገር ፓስፖርት ወደያዛችሁት ልመለስ። እናንተ «ለኛ ችግር የለም» ትላላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለእንግሊዝ ቪዛ አይጠየቅም። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን መስመሩን ለመሻገር አስቀድሞ በኢንተርኔት የሚወሰድ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለንደን ላይ አንድ ሌሊት አድሬ የአክስቴን ልጅ ልይ የምትሉ፣ ፈቃዱን ከቤታችሁ ሳትወጡ አውጡት።

ወደ ሩቅ ምሥራቅ የምትሄዱ ለቻይና አስቡ። አየር መንገዳችን ቤጂንግም፣ ጓንጁም፣ ሻንጋይም ይበራል። ቻይና በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ያለ ቪዛ የማለፊያ ጊዜዋን ወደ 240 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 10 ቀን አሳድጋለች። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝና የብዙ አውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ይሠራል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት በዚህኛው ዝርዝር የለም። ትልቁ ሁኔታ ሦስተኛ አገር የሚባለው ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ቤጂንግ ቆይቶ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚቀጥል ይችላል። ከአዲስ አበባ ቤጂንግ፣ ከቤጂንግ ተመልሶ አዲስ አበባ የሚል ግን ትራንዚት አይባልም፤ ያ ጉብኝት ነው፣ ቪዛ ይፈልጋል። ሆንግ ኮንግ እንደ ሦስተኛ ቦታ ትቆጠራለች። የሰዓቱ አቆጣጠርም ለመንገደኛው የሚያደላ ነው፤ ከገባችሁበት ቀን ማግስት ከ00:00 ነው የሚጀምረው። ሰኞ ከቀትር በኋላ ከገባችሁ ቆጠራው ማክሰኞ ይጀምራል። የሚቀጥለው በረራ ግን ቀኑ የተቆረጠና ወንበሩ የተረጋገጠ መሆን አለበት።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ደግሞ ራሳቸው አየር መንገዶቹ የሚሸጡት ስቶፕኦቨር አለ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለ48 ሰዓት በነፃ፣ ለ96 ሰዓት በ50 ድርሃም የትራንዚት ቪዛ ይሰጣሉ። የሚጠየቀው ግን ከመድረሳችሁ በፊት፣ በአገሪቱ አየር መንገድ በኩል ነው፤ ዱባይ ወርዶ መጠየቅ የለም። ሳውዲ ዓረቢያም ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሷ አየር መንገዶች ትኬት ለሚያልፍ ሰው የ96 ሰዓት ቪዛ ጀምራለች፤ በዚያ ዑምራ ማድረግም ይቻላል። ሁለቱም ላይ ፓስፖርታችሁ የሚፈቀድለት መሆኑን አየር መንገዱን ጠይቁ።

የስደተኛ የጉዞ ሰነድ፣ ትራቭል ዶክመንት የምንለውን ለያዛችሁ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ። ሰነዱን የሰጣችሁ አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚያልፈውን ሁሉ እናንተ ታልፋላችሁ ማለት አይደለም። በየአገሩ ለብቻው ነው የሚታየው። ስትጠይቁ «የስዊድን» ወይም «የጀርመን» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ትራቭል ዶክመንት» ብላችሁ ጀምሩ።

አሁን ሻንጣን እንይ። ሕጉን ሁሉ አሟልታችሁ ሻንጣ ሊያስወጣችሁ ይችላል። በጓደኛችን እናት ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሁለት ትኬት ለየብቻ ከተገዛ፣ አየር መንገዶቹ ሻንጣ የመቀባበል ስምምነት ከሌላቸው፣ ሻንጣው መሐል ላይ ይቀራል። የሻንጣ መቀበያው ደግሞ ከመስመሩ ማዶ ነው። ስለዚህ ቼክ ኢን ስታደርጉ «ሻንጣዬ እስከ የት ነው?» በሉ፣ ታጉ ላይ ያሉትን ሦስት ፊደሎችም አንብቡ። የመሐለኛው ከተማ ኮድ ከሆነ የተጻፈው፣ እዚያው ተነጋገሩበት። የሁለተኛውን በረራ ቦርዲንግ ፓስም ከቦሌ መያዝ ከተቻለ ያዙ። ከዚህ ሌላ በአንድ ትኬት የተያዘ ጉዞ አንድ ጥቅም አለው፦ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ አየር መንገዱ ያስቀጥላችኋል። ለየብቻ የተገዛ ከሆነ ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም።

ሌሊት ማደርም አለ። አንዳንድ ኤርፖርቶች የትራንዚት ክፍላቸውን ሌሊት ይዘጋሉ፤ እዚያ 10 ሰዓት የሚያስጠብቅ ትኬት መውጫ ቪዛ ይጠይቃል ማለት ነው። በረራ ቢሰረዝ አየር መንገዱ ሆቴል ቢሰጥም ቪዛ የሌለው ሰው ከኤርፖርት መውጣት ላይፈቀድለት ይችላል። ስለዚህ በተለይ ለሽማግሌና ለአሮጊት መንገደኞች፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ከሻንጣ ውስጥ ወጥቶ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ጋቢም አይርሱ፤ ኤርፖርት ይበርዳል።

አንድ የኛ ብቻ የሆነ ችግር ላንሳ፦ ሰዓትና ቀን። ትኬት ላይ «እሑድ 15፣ 00:40» ተጽፎ ሲገኝ፣ በኛ አነጋገር ከሌሊቱ 6:40 ነው። የኛ ሰው ሌሊትን ከቀደመው ቀን ጋር ነው የሚቆጥረው፤ «የእሑድ ሌሊት» ሲባል እሑድ ከመሸ በኋላ ይመስለዋል። አውሮፕላኑ ግን ቅዳሜ ማታ ቦሌ መድረስን ነው የሚጠይቀው። ስንቱ ሰው እሑድ ማታ ሻንጣውን ጭኖ መጥቶ ተመልሷል! በትራንዚት ላይ ሲሆን ደግሞ ቪዛውንም ይነካል። ቪዛው ከ15 ጀምሮ የሚሠራ ከሆነና የመሐለኛው ኤርፖርት ላይ በ14 የምትደርሱ ከሆነ አያስኬድም። የፓስፖርት ማብቂያ ቀንም የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጁን 8 ማለት ሰኔ 1 ነው። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉና፣ ከዚያ ላይ ሆናችሁ ቁጠሩ። ለወላጆች ስትልኩ ወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉላቸው።

እንግዲህ ላጠቃልል። ትኬት ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ጠይቁ፤ ለወላጅ የምትገዙ ከሆነ በእነሱ ፓስፖርት እንጂ በራሳችሁ ፓስፖርት አትጠይቁ፦

1. በየትኞቹ ኤርፖርቶች ነው የሚታለፈው? ሁለት የሸንገን ከተማ አለ ወይ? የኤርፖርት ለውጥ አለ ወይ?
2. መንገደኛው የያዘው ፓስፖርት የትኛው አገር ነው? ሌላስ ምን ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ይዟል፣ እስከ መቼ?
3. ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሻንጣው እስከ መጨረሻው ይሄዳል?
4. መሐል ላይ ስንት ሰዓት ነው? ሌሊት ያሳድራል?
5. በመመለሻው ጊዜስ? ሲሄዱ ያስመለጠው ቪዛ ሲመለሱም ያስመልጣል?
6. ይህን መልስ የሰጠው ማነው? አየር መንገዱና ኤምባሲው ናቸው ወይስ «አንድ ወዳጄ ነገረኝ» ነው?

ስድስተኛውን አስምሩበት። ሕጉ ይለወጣል። ዛሬ የነገርኳችሁም ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ መነሻ እንጂ ማረጋገጫ አይሁንላችሁ። ትኬት በምትቆርጡበት ሳምንት ጠይቁ፤ በምትሄዱበት ሳምንት ደግማችሁ ጠይቁ። ከተቻለም መልሱን በጽሑፍ፣ በኢሜይልም ይሁን በመልእክት፣ ያዙት።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። እዚህ ተሰብስበን ያለነው ሰዎች ብዙ ነን። በአየር መንገድ የሚሠራ አለ፣ በኤምባሲ የሠራ አለ፣ የሕግ ባለሙያ አለ፣ በየአገሩ የሚኖር አለ። ልጅ የሚልክ ወይም እናት የሚያስወጣ አባል ትኬት ከመቁረጡ በፊት ጉዞውን የሚያሳየው ሁለት ሦስት ፈቃደኛ ሰው ቢመደብ ምንም ወጪ የለውም። እኔ ለአንደኛው ቦታ ስሜን አስመዝግባለሁ። ለዕድር ድንኳን ተራ የሚገባ ሕዝብ ለዚህ ተራ መግባት አያቅተውም። አንዲት እናት ልጇ ከመውለዷ በፊት ብትደርስላት፣ አንድ ተማሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባያመልጠው፣ ለኔ በቂ ነው።

የምትመለሱትን በሰላም ያግባችሁ፤ የምንቀረውንም በሰላም ያቆየን። የከርሞ ሰው ይበለን!